የሶላንዥ ሦስት በርሜሎች

በቪላር መንደር ልጁን የሚድር ሰው መጀመሪያ ቄሱን ያናግራል፤ ከቄሱ ቤት ሲወጣ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሶላንዥ ፔሮዳን ደጃፍ ያቀናል። ቄሱ ቀኑን ይቆርጡለታል። ከማን ምድር ቤት፣ የየትኛው ዓመት ወይን ጠጅ ለድግሱ እንደሚወጣ የምትቆርጥለት ግን እሷ ነበረች። ክርስትናም ይሁን፣ ተዝካርም ይሁን፣ ከፓሪስ የመጣ ኩሩ አማች ማብረጃም ይሁን ያው ነው። እሷ ከደጇ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ንቅንቅ አትልም። አተሯን እየፈለፈለች፣ ቀና ሳትል ትጠይቃለች።

«ምን ልታበላቸው ነው?»

«ዶሮ ነዋ፣ በወይን ጠጅ የተሠራ።»

«ማን ከማን ጎን ነው የሚቀመጠው?»

«ይሄ ደግሞ ከመጠጡ ጋር ምን አገናኘው እማማ ሶላንዥ?»

«የሙሽራው አጎትና የሙሽሪት አባት ጎን ለጎን ከሆኑ ኃይለኛውን እንዳታወጣ። ኃይለኛ ወይን የተቀበረ ነገር ይቆፍራል። ቀለል ያለውን፣ ሽታው ደስ የሚለውን ቅዳላቸው፤ እሱ ያዘፍናል እንጂ አያከራክርም። ኃይለኛውን አይብ ሲቀርብ፣ አጎትየውን እንቅልፍ ሲያዳፋው ታወጣዋለህ።»

ሰውየው እየሳቀ ይሄዳል፤ እንዳለችው ግን ያደርጋል። በማግስቱ ስለ ሠርጉ ሲወራ ከሙሽሪት ቀሚስ በፊት የሚነሳው የመጠጡ ነገር ነው። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እሷ የምታየው ከቀመሰች በኋላ ነበር። «ከሰው ጋር ስትተዋወቂ መጀመሪያ ማዕረጉን ነው እንዴ የምትጠይቂው?» ትል ነበር፣ ወረቀት ለሚያነብላት ሁሉ።

ታዲያ ይህች ሴት የወይን አገር ልጅ እንዳልነበረች ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከሜዳው፣ ከብሬስ ነው የመጣችው፤ በቆሎ ከሚዘራበት፣ እግሩ ሰማያዊ የሆነ ዶሮ ከሚረባበት አገር። አርማን ፔሮዳን አግብቶ ሲያመጣት ስለ ወይን ጠጅ የምታውቀው ቀይና ነጭ እንዳለው ብቻ ነበር። መንደሩ «የዶሮዋ ሙሽራ» እያለ ሳቀባት። አማቷ አዴል ግን አልሳቀችም፤ አዴል በምንም አትስቅም። በረዶ በወረደ ማግስት ጠዋት ምራቷን አስከትላ ወጣችና ከቤተሰቡ የወይን ማሳ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ አቆመቻት። ማሳው የተኩላው ዳገት ይባላል።

«ዝም ብለሽ እዪ» አለቻት።

ቆሙ። ፀሐይዋ ከሜዳው ወዲያ ወጥታ ዳገቱን መታች። ከታች በረዶው እንደተጋደመ ነው። ከላይም፣ ከጫካው ሥር፣ እንደነጣ ነው። መሃሉ ላይ ግን ቀላ ያለው መሬት እንደ ላም ጀርባ ብቅ አለ፤ ጭስ የመሰለ እንፋሎትም ተነሳበት።

«አየሽው? በረዶ ቀድሞ የሚለቀው ቦታ ፍሬው ቀድሞ ይበስላል። ወይንን በምላስሽ ከመማርሽ በፊት በዓይንሽ ተማሪው። ምላስ ይዋሻል።»

ሶላንዥ ተማረች። ውርጭ የት እንደሚተኛ፣ ነፋስ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ከዝናብ በኋላ ጫማ ላይ የሚጣበቀው አፈርና የማይጣበቀው የቱ እንደሆነ። ምላሷ በኋላ ደረሰ። ሲደርስ ግን የቪላር ወንዶች እያፈሩም ቢሆን ትንሿን የመቅመሻ የብር ጽዋቸውን ለእሷ ማቀበል ለመዱ። አንድ በርሜል ሊኮመጥጥ ሲያስብ እሷ ከማንም በፊት ታውቀዋለች። ወይን ሠሪው «ደህና ነው» ይላል፤ እሷ «እስኪ ለሳምንት አስታምመው» ትላለች፤ በሳምንቱ ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ይመጣል።

በዚያ ቤት ግን እንደ ወይኑ ሁሉ ዝምታም ይወረስ ነበር። አርማንና ወንድሙ ሉስየን ከአጥር ስለወደቀ ድንጋይ፣ ማን ያንሳው በሚል ተጣሉና ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይነጋገሩ ኖሩ። ቤተ ክርስቲያን በአንድ አግዳሚ ላይ ይንበረከካሉ። በመከር ጊዜ አንዱ ከአጥሩ ወዲህ፣ ሌላው ከአጥሩ ወዲያ ያስላል። ሉስየን ሲሞት አርማን ሬሳውን ተሸክሞ ቀበረው፤ ያኔም ቃል አልወጣውም። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ከአጥሩ ሥር መቀመጥ አመጣ። አንድ ቀን ሶላንዥ ለምሳ ልትጠራው ስትሄድ፣ «እንግዲህ ማንን ላኩርፍ?» አላት። ያን ድምፅ አልረሳችውም። ልጆቼን ከዚህ አውጣልኝ ብላ ስትጸልይ የሰማች ጎረቤት አለች።

አርማን ሲሞት ሦስት ልጆችና አንድ ዳገት ቀረ። የበኩሩ ዩበር ትከሻው በር የሚዘጋ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ እግር ሥር ያልጠፋ ሰው ነው። ሬጂስ በቦን ከተማ በአንድ ነጋዴ ምድር ቤት ጠዋት ማታ ወይን እየቀመሰ ይውላል፤ በምላሱ የሚመካ ነው። ኖኤል ፖስተኛውን አግብታ ከመንደሩ ጫፍ ትኖራለች፤ ሐረጉን የምታስረውም፣ ቅጠሉን የምታሳሳውም እሷ ናት፤ ሐሳቧን ግን የጠየቃት አልነበረም።

ዳገቱን ያረጁ የድንጋይ ክምሮች ከጎን ወደ ጎን ያቋርጡትና ላይኛው፣ መሃሉና ታችኛው ብለው ይከፍሉታል። አርማን ሦስቱንም በአንድ ቀን ለቅሞ በአንድ ትልቅ የእንጨት ጋን ነበር የሚጨምቀው፤ ለብቻው የቀመሰው የለም። ውል አዋዋዩ ሙሴ ቫሼሮ ከቦን መጥቶ ዳገቱን አይቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

«ማዳም ፔሮዳን፣ ሦስት ልጅ፣ ሦስት ክፍል። ስፋታቸው እኩል ነው፤ ሕጉ ከዚህ ወዲያ አይጠይቅም። የቱን ማን ይውሰድ የሚለውን ግን ከእርስዎና ከልጆችዎ በቀር የሚያውቅ የለም።»

መሃሉ እንደሚበልጥ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ጭቅጭቁም እዚያው ላይ ነው።

«መሃሉን የከረከምኩት እኔ ነኝ» አለ ዩበር። «ጣቴ የቆረፈደው እዚያ ነው።»

«አንተ ከርክመኸዋል፣ እኔ ገብቶኛል» አለ ሬጂስ። «እንዲህ ያለ መሬት ለመከርከሚያ መቀስ አይሰጥም። አንተ ታቹን ውሰድ፤ ሰፊ ጫማ አለህ፣ ጭቃ አይይዝህም።»

«የእንቁራሪቱን ማሳ? እሱን ለአንተ። ቦን ሄደህ በሚያምር ብርጭቆ ትቀምሰዋለህ።»

«እኔስ?» አለች ኖኤል። «ወይስ ሐረጉን ሳስር የኖርኩት ለመንገደኛ ነው?»

ወንድሞቿ ጭቅጭቃቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ የእሁድ ምሳ እየሳሳ ሄደ። ዩበር ቀድሞ ይመጣል፣ በወይን መረቅ የተሠራውን እንቁላል ቆሞ ይበላል፣ የሬጂስን መኪና ድምፅ ሲሰማ በጓሮ በር ይወጣል። ሶላንዥ ያልተነሳውን ሳህን ስታይ አርማንና ሉስየን ከመቃብር ተነስተው ወደ ማዕድ የመጡ መሰላት።

አንድ ቀን ሦስቱንም አስጠርታ ቁርጡን ነገረቻቸው። በዚህ መከር ሦስቱ ክፍሎች ለየብቻ ይለቀማሉ፣ ለየብቻ ይጨመቃሉ፣ ለየብቻ በርሜል ይገባሉ። ከፋሲካ በኋላ ሁላቸውም ምድር ቤት ወርደው ይቀምሳሉ፤ የትኛው በርሜል ከየትኛው ቦታ እንደሆነ ማንም አይነገረውም። እያንዳንዱ የወደደውን ይመርጣል፤ የመረጠው ወይን የበቀለበት መሬት የሱ ይሆናል። ሁለት ሰው አንዱን ከመረጠ ዕጣ ይጣላል፤ ዕጣው ያልወጣለት የቀረውን ይወስዳል።

«ማንም አይኮራረፍም» አለች። «ምላሳችሁ ለፈረደባችሁ ማንን ትወቅሳላችሁ?»

ዩበርም ሬጂስም ፈገግ አሉ። ሁለቱም ልባቸው ሞልቷል። በቪላር የተወለደ ሰው የእናቱን ፊት ቢረሳ የገዛ መሬቱን ወይን ይስታል ብሎ አያስብም፤ ይህ የመንደራችን እምነት ነው፤ በዚህ የማይምል ወንድ አላውቅም።

እንዳለችው ተደረገ። ወይኑ በርሜል ከገባ በኋላ ልጆቹ በሌሉበት ከጎረቤት መንደር በርሜል ሠሪውን አስጠርታ ቦታቸውን አስለዋወጠችው። በበረዶው ወራት ሁሉ እየወረደች የጎደለውን ትሞላለች፣ ትቀምሳለች፣ አፏን ትጠርጋለች፣ ትወጣለች። ሁዳዴ ሲገባ አንድ ነገር አሳሰባት፤ የመሃሉ ወይን አኮረፈ። ገና ስታውቀው ሲስቅ የነበረ ወይን አፉን ዘጋ፣ ሽታው ጠፋ፣ ድድ የሚነክስ ሆነ። እንዲህ ያለውን ታውቃለች፤ ኩሩ ልጅ ከማደጉ በፊት እንደሚዘጋው ነው፤ ዓመት ታግሦ ለጠበቀው ይከፈታል። ቀጠሮውን ላራዝመው ይሆን ብላ ብዙ አሰበች። ቢራዘም ግን ሁለቱም መሃሉን መርጠው ያው ጭቅጭቅ ነው። ቢቀመስም ምን እንደሚሆን አላወቀችም። በመጨረሻ ቀኑን ሳትነካው ተወችው።

ከፋሲካ በኋላ ሦስቱ ልጆች ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ዩበር ባርኔጣውን አላወለቀም፤ ሬጂስ የራሱን ብርጭቆ ከቦን ይዞ መጥቷል፤ ኖኤል ሽርጧን ሳትፈታ ነው የወረደችው። ሶላንዥ በረዥሙ የመስታወት መቅጃ ከመጀመሪያው በርሜል ስባ ቀዳችላቸው።

ዩበር አሸተተ። «ይሄ ሽቶ ነው ወይን ጠጅ?»

«የላይኛው ነው» አለ ሬጂስ፣ ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ አንስቶ። «ቀጭን ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ቀጭን ነው።»

ኖኤል አልተፋችውም፣ ዋጠችው።

ሶላንዥ ከሁለተኛው ቀዳች። ሬጂስ በአፉ አገላብጦ የወለሉ አሸዋ ላይ እንትፍ አለው።

«ሚስማር መጥባት ይሻላል።»

«የእንቁራሪቱ ማሳ ነዋ» አለ ዩበር። «አላልኩህም? ጭቃው ጥርሴ ውስጥ ገባ።»

ሶላንዥ ከሦስተኛው ስትቀዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህኛው የደረሰ ቼሪ ነው የሚሸተው፤ ገና አፍ ሲገባ ጉንጭን ይሞላል፤ ከማንም ጋር ይስማማል። ዩበር ዓይኑን ጨፈነ። ያ ትልቅ ሰው ድምፁ ቀጠነ።

«አባዬ» አለ።

ሬጂስም ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ ላይስ አልከራከርህም። ይሄ ነው። ዕጣውን አምጪ እማዬ።»

«አንቺስ ኖኤል?» አለች ሶላንዥ።

«የመጀመሪያው።»

«ለምን?» አለ ዩበር። «ቀጭን ነው እኮ ተባልሽ።»

«ደስ ስላለኝ።»

«ደስ ስላለሽ መሬት ይመረጣል?»

«አንተ ሚስትህን በምን መረጥካት? በረዶው ቀድሞ ቀልጦባት ነው?»

ሬጂስ ትን እስኪለው ሳቀ። ሶላንዥ ግን አልሳቀችም። መቅጃውን በቦታው ሰቀለችና ወደ በርሜሎቹ በጣቷ አመለከተች።

«የመጀመሪያው የላይኛው ነው፤ ሬጂስ አልተሳሳተም። ሁለተኛው፣ ሚስማርና ጭቃ ያላችሁት፣ መሃሉ ነው። ሁለታችሁም የመረጣችሁት ታችኛውን ነው።»

ሬጂስ ሄዶ ከሁለተኛው እንደገና ቀዳ፣ ቀመሰ፣ ቆየ። ከዚያ በራሱ ላይ መሳቅ ጀመረ።

«ተዘግቷል። ተዘግቶ ነው እንጂ ጣዕሙ አፍ ውስጥ የሚቆይበት ርዝመቱ እኮ እዚህ ነበር። በየቀኑ ለሰው የምነግረውን ነገር… እማዬ፣ አሁንስ ከቦን ያባርሩኛል።»

ወዲያው ሁለቱም አንድ ነገር ታያቸው። በቃሉ መሠረት ዕጣ የሚወጣለት ታችኛውን ይወስዳል፤ ዕጣ ያጣው መሃሉን።

«መቼስ» አለ ዩበር፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ታናሽ ወንድሜ የመረጠውን እኔ ልቀማው? ለቅቄለታለሁ።»

«ታላቅ እያለ? እኔ እንደዚያ አልተማርኩም» አለ ሬጂስ። «ታቹ ላንተ ይገባል። አባዬ ስትለው ሰምቼ አልቀማህም።»

«ጠዋት በመሃሉ ልትተራረዱ ነበር» አለች ኖኤል። «አሁን ደግሞ በትሕትና መተናነቅ መጣ።»

«ቃል ተሰጥቷል» አለች ሶላንዥ። «ባርኔጣህን አምጣ ዩበር።»

ሁለት ቡሽ ከተተችበት፤ አንዱ ወይን ጠጅ የነካው፣ አንዱ ንጹሕ። የቀላው የወጣለት ታችኛውን ይወስዳል። ዩበር ታላቅ ነውና ቀድሞ እጁን ሰደደ። የቀላውን አወጣ።

ቡሹን አየው። ባርኔጣውን ከእናቱ እጅ ተቀብሎ አደረገ፣ ቡሹን ኪሱ ከተተ፣ ደረጃውን ወጣ። ማንንም አልሰደበ፣ የሰደበውም የለም። ሶላንዥ የጫማውን ድምፅ እስከ ውጭ በር ድረስ በጆሮዋ ተከተለችው። ጀመረ፣ አለች በልቧ። ልጆቼን ላድን ብዬ ዝምታውን በገዛ እጄ ቀዳሁላቸው።

ሙሴ ቫሼሮ ወረቀቱን አዘጋጀ፤ ዩበር መጣ፣ ፈረመ፣ ሄደ። በጋው እንዲሁ አለፈ። ሰዎች አሁንም ወደ ሶላንዥ ደጅ ይመጣሉ፤ «ለክርስትና ምን ይሻላል?» ይላሉ፤ እሷም ትመክራለች፤ ግን ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ መጠየቅ ተወች። በመከር ጊዜ ሦስቱ ልጆች በየቀናቸው ለቀሙ። ዩበር ከወንድሙ ጋር ላለመገናኘት በዝናብ ሊለቅም ጥቂት ነበር የቀረው። ዕጣውን እንኳ ካደ የሚለው አልተገኘም፤ ሥራውን ይሠራል፣ ሰላምታ ያቀርባል፣ ምሳ ላይ የለም።

ከመከሩ በኋላ ያ ዝናብ መጣ። ለቀናት ሲወርድ ዳገቱ እንደ ቀለጠ ሰም ተንሸራተተ። ሲያባራ ሶላንዥ ወጥታ አየች። ከላይ፣ በኖኤል ክፍል፣ የወይኑ ሥር ተራቁቶ እንደ ሽማግሌ ጣት ይታያል። የሬጂስም መሃሉ ተሸንሽኗል። አፈሩ ሁሉ ወርዶ ከታች፣ ከዩበር ረድፎች መካከል ተከምሯል።

በአገራችን በቡርጎኝ ዝናብ ያወረደውን አፈር ሰው መልሶ ያወጣዋል። ውርጩ መሬቱን ሲያጠነክረው ወንዱም ሴቱም ቅርጫት በጀርባው አድርጎ የራሱን ዳገት ከታች ወደ ላይ ይሸከመዋል። ይህን ያላደረገ ቤት ልጆቹን ድንጋይ ያወርሳል። አርማን በየዓመቱ ያደርገው ነበር፤ ከታች ዝቆ ላይ ሲደፋ ከራሱ ኪስ ወደ ራሱ ኪስ ነው። ዳገቱ ሲከፈል ግን ስለ ወይኑ እንዲያ የተነታረኩት ሰዎች ስለ አፈሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሁሉም የወይን ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ረሱት። አሁን የላይኛውም የመሃሉም አፈር በወረቀት የዩበር ሆኖ አረፈው።

ሬጂስ እናቱ ወጥ ቤት መጥቶ ተቀመጠ።

«ምን ብዬ ልጠይቀው? አፈሬን መልስልኝ ልበለው? አፈሩ የሱ ነው።»

«በአፍህ ጠይቀው።»

«እማዬ፣ አያናግረኝም እኮ። ትናንት ዳቦ ቤት ተገናኘን፤ ለዳቦው ሰላም ብሎ ወጣ።»

«ኖኤልስ?»

«እሷማ ትለኛለች፣ ‹እኔ ሄጄ ብለምነው ይሰጠኛል፤ ግን እኔ ብቻ አፈር ይዤ ብመጣ አንተና እሱ ስትኮራረፉ ልትሞቱ ነው፤ ስለዚህ አልሄድም።›»

ሶላንዥ በማግስቱ ውርጩ ነጭ ሆኖ ሲያድር ከጎተራው የድሮ ቅርጫቷን አወረደች። ማንገቻው ደርቆ ነበር፤ በስብ አሸችው። አካፋዋን ይዛ ወደ ታችኛው ማሳ ሄደችና ከክምሩ መዛቅ ጀመረች። ብዙም ሳትቆይ የዩበር ጫማ ውርጩን ሲሰባብር ሰማች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየሰረቅኩህ ነው።»

«እማዬ፣ አስቀምጪው። ወገብሽ ይቆረጣል።»

«ይቆረጥ። ሁለት ቦታ ከሆነ አንዱ አንተ ጋ ይቆያል፣ አንዱ ወንድምህ ጋ። መቼስ አብሮ መጠየቅ አልሆነላችሁም።»

ቅርጫቱን ሊቀማት እጁን ዘረጋ፤ አልለቀቀችም። ያ ግዙፍ ሰው ከእናቱ ጋር እንደ ሕፃን ተጓተተና ደክሞት ከድንጋዩ ክምር ላይ ቁጭ አለ። እስትንፋሱ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

«መሬቱ አይደለም እኮ» አለ፣ ጫማውን እያየ። «ሬጂስ መሃሉን ይብላው፤ አያንቀኝም። ግን… ዕድሜዬን ሙሉ ከአባዬ ኋላ ስሄድ ኖሬ፣ እሱን እዚያ መሃል ፊት ለፊቴ አቁመሽልኝ ጭቃ አልኩት። የእንቁራሪቱን ማሳ ደግሞ አባዬ ብዬ ጠራሁት። ሰው ፊት። ሬጂስ ሲስቅ በራሱ ነው የሳቀው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ እቀምሳለሁ?»

ሶላንዥ አካፋዋን ተከለች። በመስታወት መቅጃ እንደምትስበው ሁሉ ቃሉን ከሩቅ፣ ቀስ ብላ ሳበችው።

«አባትህም ቢሆን ባልለየው ነበር። መቼ ለብቻው ቀምሶት ያውቃል? እኔም በርሜሎቹን ባልለዋውጣቸው እንዳንተ ነበር የምለው።»

«ልታጽናኚኝ ነው።»

«በወይን ነገር ማንን አጽናንቼ አውቃለሁ?» ጎንበስ አለችና ከክምሩ እፍኝ አፈር አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። «ይሄ የት የነበረ አፈር ነው?»

ፈረፈረው። ትንንሾቹን ነጫጭ ድንጋዮች በአውራ ጣቱ ገፋ አደረጋቸው። «የላይኛው… ይሄ ቀላ ያለው ከመሃሉ ነው።»

«ስንት ዘመን ሲወርድ የኖረ ይመስልሃል? አያትህ ሽቅብ ተሸክሞታል፣ አባትህ ተሸክሞታል፤ ያመለጣቸው ሁሉ እዚህ ተኝቷል። አንተ አባትህን ቀምሰህ አባዬ አልክ። ምላስህ አልሳተም። የሳትከው ያለበትን ቦታ ነው።»

ዩበር አፈሩን አልጣለውም። ከዚያ ተነሳ፣ ቅርጫቱን ከእናቱ አጠገብ አነሳ፣ ማንገቻውን በራሱ ትከሻ ልክ ሊያሰፋ ሞከረ፣ አልሰፋለትም፤ እንደጠበበው አደረገው።

«ሙዪው» አለ። «ግማሽ አድርገሽ እንዳታሾፊብኝ።»

ሞላችው። ዳገቱን ወጣ። መሃሉን ሲያልፍ ሬጂስ ከመኪናው ወርዶ፣ አካፋ እንደ ጃንጥላ ብብቱ ሥር ይዞ፣ ምን ማለት እንዳለበት ጠፍቶት ቆሞ ነበር። ዩበር አላየውም፤ ወይም ያላየ መሰለ፤ እስከ ኖኤል ክፍል ወጥቶ ከተራቆተው ሥር ላይ ደፋው። ሲመለስ ከወንድሙ ፊት ቆመ።

«ቅርጫትህስ?»

«እ… ቦን ነው።»

«ቦን! በቅርጫት ፈንታ ብርጭቆ ይዞ ይመጣል እኮ ይሄ ሰው። ከጎተራዬ አምጣ፣ በሩ ክፍት ነው።»

ፀሐይዋ ከሜዳው ወዲያ ከፍ ስትል ኖኤል ከነባሏ ደረሰች፤ ሁሉም ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሱ ጀመር። ሶላንዥ ከታች እየዛቀች ትሞላላቸዋለች። ብዙም አልቆየ፣ ከመሃሉ ጩኸት ተነሳ።

«እዚያ አትድፋው! ከግንዱ ራቅ አድርገህ ነው እንጂ!»

«የት እንደሚደፋ አንተ ልታስተምረኝ ነው? ይሄን መሬት እኔ ነኝ ያሳደግኩት!»

«መሬቱ እኮ የኔ ነው!»

«አፈሩ የኔ ነው! ዝም ካላልክ መልሼ አወርደዋለሁ!»

«አውርደው! ጀርባህን ነው የምታለፋው!»

ኖኤል ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ወርዳ ከእናቷ ጎን ቆመች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«ኧረ አስቁሚያቸው እማዬ። መንደሩ በሙሉ እየሰማ ነው።»

ሶላንዥ ጆሮዋን ወደ ዳገቱ አዘነበለች። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይመልሳል፤ አንዱ ገና ሳይጨርስ ሌላው ይነጥቀዋል።

«ተያቸው» አለች። አካፋዋን አፈሩ ውስጥ ሰደደች። «ቅርጫትሽን አዙሪ።»